የአንድ ዓይናው ራዲዮ ጠጋኝ ሕይወት፦ ሊዮ ፌንደርና የማጉያ ጉምጉምታ



ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ የሚቀርበው የነገሥታት፣ የጀግኖችና የታላላቅ ደራስያን ታሪክ ነው። እኛ ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ግን የአንድ ራዲዮ ጠጋኝ ሕይወት ነው። ሰውየው ዙፋን ላይ አልተቀመጠም፣ ጦር አልመራም። ይባስ ብሎ በስሙ የሚጠራውን ጊታር እንኳ መጫወት አይችልም ነበር። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ጊታር ከነማጉያው ከአሜሪካ ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ መድረክ ድረስ እንዲደርስ ካደረጉት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። ስሙም ሊዮ ፌንደር ይባላል።

እንደሚታወቀው ማሲንቆ ድምፁን የሚያገኘው ከጭራው ብቻ አይደለም። የጭራውን ቀጭን ድምፅ አጉልቶ ለጆሮ የሚያደርሰው በቆዳ የተለበጠው ሣጥኑ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን አካሉ ድፍን እንጨት ስለሆነ ብቻውን ሲመቱት ድምፁ ከአንድ ክፍል አያልፍም። ለእሱ ሣጥን ሆኖ የሚያገለግለው የኤሌክትሪክ ማጉያው ነው። እንግዲህ ማጉያው ጤነኛ ካልሆነ ጊታሩ ምን ቢያምር ከንቱ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሰውየውን ሕይወት ስንተርክ በመሐል ስለ ማጉያ ጤንነትም ጥቂት እናነሣለን።

የብርቱካን ገበሬ ልጅ

ሙሉ ስሙ ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1909፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 4 ቀን 1901 ዓ.ም. ሲሆን፣ አገሩ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች መካከል ነበር። ወላጆቹ የብርቱካን እርሻ ነበራቸው። እንደ አብዛኞቻችን የገበሬ ልጅ ነው ማለት ነው።

ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ በግራ ዓይኑ ላይ ዕጢ ወጣበትና ዓይኑ እንዲወጣ ተደረገ። በምትኩም የብርጭቆ ዓይን ተተከለለት። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ ያየው፣ የበየደውና ሽቦ የለየው በአንድ ዓይን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለውትድርና ያልተመለመለው በዚሁ ምክንያት ነበር።

በአሥራዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ አጎቱ ዕጣውን የሚወስን ስጦታ ላከለት። አጎቱ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ነበር፤ የላከውም ስጦታ ልብስ ወይም ገንዘብ ሳይሆን አሮጌ የራዲዮ ዕቃ የሞላበት ሣጥንና አንድ ባትሪ ነበር። በኋላም ልጁ የአጎቱን ሱቅ ሊጎበኝ ሲሄድ፣ አጎቱ ከትርፍራፊ ዕቃ ገጣጥሞ የሠራው ራዲዮ በሱቁ ፊት ለፊት ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲዘፍን ሰማ። ያ ድምፅ ከጆሮው አልወጣም። ወደ ቤቱ ተመልሶ በወላጆቹ ቤት አንድ ጥግ ይዞ የሰፈሩን ራዲዮ መጠገን ጀመረ።

እዚህ ላይ አስተማሪ ለምንሆነው ለእኛ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሊዮ ፌንደር ስለ ኤሌክትሮኒክስ በትምህርት ቤት አልተማረም። በፉለርተን ኮሌጅ የተማረው ሒሳብ አያያዝ ነው። ራዲዮውን ራሱን በራሱ አስተማረ። ለልጅ አንድ ሣጥን አሮጌ ዕቃ ሰጥቶ ፍታው፣ ግጠመው ብሎ መተው ስንት የጥቁር ሰሌዳ ትምህርት እንደሚያህል ከዚህ መገመት ይቻላል።

ሁለት ጊዜ ከሥራ መባረርና አንድ ሱቅ

ከኮሌጅ ወጥቶ በአንድ የበረዶና የቅዝቃዜ መጋዘን ድርጅት ዕቃ አመላላሽ፣ ቆይቶም ሒሳብ መዝጋቢ ሆኖ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1934 አስቴር ክሎስኪ የምትባል ልጅ አገባ። በዚያን ጊዜ ግን አሜሪካን ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ይዟት ነበር። ፌንደርም በመጀመሪያ ከመንግሥት የመንገድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሥራው፣ ቀጥሎም ከአንድ የጎማ ኩባንያ ተቀነሰ። ሁለት ጊዜ ሥራ አጥ የሆነ ባለትዳር ምን ያድርግ?

ሌላ የሒሳብ ሥራ ፍለጋ ከመንከራተት ይልቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ስድስት መቶ ዶላር ተበድሮ ወደ ፉለርተን ተመለሰና የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ራዲዮ ይጠግናል፣ የሸክላ ማጫወቻ ያድሳል፣ ለጭፈራ ቤትና ለስብሰባ የሚሆን ማጉያ ይሠራል፤ ሙዚቀኞችም የተበላሸባቸውን ይዘውለት ይመጣሉ። እሱም መጫወት ስለማይችል ጆሮውን ለሚጫወቱት ሰጠ። እየጠየቀ፣ እያስሞከረ፣ ሲነቀፍም እያረመ ሠራ። ለዚህ ነው ዕቃዎቹ ለሙዚቀኛው እጅ የተመቹት።

እ.ኤ.አ. በ1945 ዶክ ካውፍማን ከተባለ ጓደኛው ጋር ተሻርኮ በጭን ላይ ተቀምጦ የሚመታ የሃዋይ ጊታርና ትንሽ ማጉያ መሥራት ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ካውፍማን ስለተለየው በራሱ ስም ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በአጭር ጊዜ የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ቴሌካስተር የተባለው ድፍን ጊታርና ፕሪሲዥን የተባለው የኤሌክትሪክ ቤዝ፣ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተር ወጡ። የጊታሩን አንገት በሙጫ ከማጣበቅ ይልቅ በብሎን አሠረው። ለምን ቢሉ፣ አንገቱ ቢጣመም ሙሉውን ጊታር ከመጣል ያችኑ ፈቶ በሌላ ለመለወጥ እንዲቻል ነው። ይህ የጠጋኝ አእምሮ ነው፤ ዕቃ ሲሠራ አንድ ቀን እንደሚበላሽ አስቀድሞ ያስባል።

ትንሿ ማጉያ

ከሥራዎቹ ሁሉ ለእኛ ዓይነቱ ትምህርት ቤት የምትቀርበው ሻምፕ የምትባለው ትንሽ ማጉያ ናት። መሠረቷ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣችው ቻምፒዮን 800 ስትሆን፣ የታሰበችውም ለጀማሪ ተማሪዎች ነበር። ኃይሏ አምስት ዋት ያህል፣ ድምፅ ማውጫዋ አንድ፣ ቫልቮቿ ሦስት ብቻ ናቸው።

ቫልቭ ማለት አየር የወጣለት፣ እንደ አምፖል የሚግል የብርጭቆ ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ሽቦ ሲግል የኤሌክትሪክ ብናኝ ይተፋል፤ በመሐል ያለች ትንሽ ወንፊት ደግሞ ያንን ፍሰት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። የመስኖ ቦይ የሚከፍት ሰው በትንሽ ማገጃ ብዙ ውሃ እንደሚያዝ ሁሉ፣ ከጊታሩ የመጣው ደካማ ምልክትም በወንፊቷ አማካይነት ብርቱውን ፍሰት ያዛል። ማጉላት ማለት ይኸው ነው።

በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በተሠራችው ሻምፕ ውስጥ መጀመሪያ ምልክቱን የሚቀበለው 12ኤኤክስ7፣ ድምፅ ማውጫውን የሚነዳው 6ቪ6፣ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥታ የሚለውጠው 5ዋይ3 ይባላል። ፌንደር የቫልቮቹን ስም ዝርዝር በወረቀት አድርጎ በማጉያው ሣጥን ውስጥ ይለጥፍ ነበር። ቀጣዩ ጠጋኝ እንዳይቸገር ብሎ ነው።

ጉምጉምታው ከየት ይመጣል?

ማጉያ የሚጠግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጠላት ጉምጉምታ ነው። ማጉያው ሲከፈት፣ ማንም ሳይጫወት፣ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ እምም ይላል። እንደ ሻምፕ ባለች በአንድ ቫልቭ ብቻ በምትነዳ ማጉያ ላይ ይህ ይብሳል። ምክንያቱም በትልልቆቹ ላይ ሁለት ቫልቮች ተቃራኒ ሆነው ሲሠሩ ከኃይል ምንጩ የሚመጣውን ጉምጉምታ እርስ በርሳቸው ያጠፉታል፤ ትንሿ ግን ያንን የሚያደርግላት አጋር የላትም። ስለዚህ ጥቂት ጉምጉምታ ተፈጥሮዋ ነው። ጊታሩን የሚሸፍን ከሆነ ግን በሽታ ነው።

በሽታውን ለማወቅ የመጀመሪያው መሣሪያ ጆሮ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ወደ ቀጥታ ሲለወጥ ደግሞ የሚተርፈው ሞገድ 100 ይሆናል። ይህ 100 የሚለው ድምፅ በጊታሩ ወፍራም ክር ሦስተኛው ቤት ላይ ከሚገኘው ድምፅ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ጉምጉምታው ከዚያ ጋር ከገጠመ የሚጠረጠረው የኃይል ክፍሉ ነው። ከዚያ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ከተሰማ ደግሞ ወይ ከቫልቭ ማሞቂያ ሽቦ፣ ወይ ከተበጠሰ የጊታር ገመድ ሽፋን፣ ወይም ከመሬት መስመር ጉድለት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መሣሪያ ሥርዓት ነው። ሐኪም በሽተኛን ከላይ ጀምሮ እንደሚመረምር እኛም በተራ እንሄዳለን።

አንደኛ፣ የጊታሩን ገመድ ንቀሉ። ጉምጉምታው ከጠፋ ጥፋቱ ማጉያው ላይ ሳይሆን ገመዱ ወይም ጊታሩ ላይ ነው። ጊታሩን እንደያዛችሁ ዞር ዞር ስትሉ ድምፁ የሚለወጥ ከሆነም ጊታሩ ከነጭ ዘንግ መብራት ወይም ከአጠገቡ ካለ ትራንስፎርመር እየሰበሰበ ነው። ፌንደር ራሱ ይህን ችግር ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 በፕሪሲዥን ቤዝ ላይ የድምፅ መልቀሚያውን ጥቅል ለሁለት ከፍሎ፣ የአንዱ ጉምጉምታ የሌላውን እንዲሽር አድርጎ ሠራው።

ሁለተኛ፣ ገመዱ እንደተነቀለ ቮልዩሙን ወደ ዜሮ መልሱ። ጉምጉምታው አብሮ ከጠፋ ነገሩ ያለው ከቮልዩሙ በፊት፣ ማለትም መጀመሪያው ቫልቭ አካባቢ ነው። ካልጠፋ ግን ከዚያ በኋላ ባለው፣ በተለይም በኃይል ክፍሉ ነው።

ሦስተኛ፣ ማጉያውን አጥፍታችሁ፣ ሶኬቱንም ነቅላችሁ፣ ቫልቩ ከቀዘቀዘ በኋላ መጀመሪያውን ቫልቭ በሌላ ደህና መሆኑ በታወቀ ተመሳሳይ ለውጡ። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ይኸው ብቻ ሆኖ ይገኛል።

አራተኛ፣ እስከ አሁን ካልተገኘ የሚጠረጠሩት የኃይል ክፍሉ ኮንደንሰሮች ናቸው። የኮንደንሰሩ ሥራ እንደ ውሃ ማጠራቀሚያ ሆኖ የሚንቀጠቀጠውን ፍሰት ማረጋጋት ነው። በዓመታት ብዛት ውስጡ ይደርቃል፤ ሲደርቅም ሞገዱ አምልጦ ድምፅ ማውጫው ድረስ ይደርሳል። በአዲስ ሲለወጥ የሚችለው ቮልት ከአሮጌው ማነስ የለበትም። መጠኑ ግን ይበልጥ ይሻላል ተብሎ ከልክ በላይ ቢተለቅ 5ዋይ3ን ያደክመዋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ እንቁም! በእንዲህ ያለ ማጉያ ውስጥ ከ300 ቮልት የሚበልጥ ኤሌክትሪክ አለ። ኮንደንሰሮቹ ደግሞ ሶኬቱ ተነቅሎ እንኳ ኃይሉን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሰው ይገድላል። ስለዚህ ቫልቭ ከውጭ መለወጥና ሣጥን ከፍቶ ሽቦ መንካት አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን የሚሠራው ሙያው ያለው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በመጀመሪያ ኃይሉን አፍስሶ፣ በመሣሪያ ለክቶ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው። ጉምጉምታ ለማጥፋት ብሎ የሶኬትን የመሬት እግር መቁረጥ ደግሞ ጨርሶ የማይደረግ ነው። ጉምጉምታውን በሞት መለወጥ ይሆናል።

ሌላም አለ። ከአሜሪካ የመጣች ማጉያ የተሠራችው ለ117 ቮልት ያህል ነው። የእኛ 220 ነው። በቀጥታ ብትሰካ ትቃጠላለች፤ ቮልት አውራጅ ትራንስፎርመር የግድ ነው።

የቫልቭ አመራረጥ

ቫልቭ ሲመረጥ ዋናው ነገር ስሙን ማወቅ ነው። አንዱ ቫልቭ በሁለት አገር ሁለት ስም አለው። አሜሪካኖች 12ኤኤክስ7 የሚሉት በአውሮፓ ኢሲሲ83 ይባላል፤ 7025 የተባለውም ጉምጉምታው እንዲቀንስ ሆኖ የተሠራ ወንድሙ ነው። ድምፁ ቶሎ እንዳይሻክር የፈለገ ሰው የማጉላት ኃይሉ አነስ ያለውን 5751 ወይም 12ኤዋይ7 መትከል ይችላል፤ ጉምጉምታውም አብሮ ይቀንሳል። አዲስ የተተከለውን ቫልቭ በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጎ መንካት ነው። እንደ ደወል የሚጮህ ከሆነ ለመጀመሪያው ቦታ አይሆንም።

በመልክና በባሕርይ መመሳሰል ግን መተካካት አይደለም። ለምሳሌ 6ኤን2ፒ የሚባለው የሶቪየት ቫልቭ የማጉላት ኃይሉ ከ12ኤኤክስ7 ጋር ተቀራራቢ ነው፤ የማሞቂያው እግሮች አቀማመጥ ስለሚለይ ግን በቀጥታ አይተካውም። 6ፒ6ኤስ የተባለው የሶቪየት ቫልቭ በአንጻሩ 6ቪ6ን ይተካል። 6ኤል6 የእግሩ አቀማመጥ ከ6ቪ6 ጋር ይገጥማል፤ ሆኖም ማሞቂያው 0.9 አምፔር ስለሚጠጣ፣ 6ቪ6 ደግሞ 0.45 ብቻ ስለሆነ፣ የትንሿን ማጉያ ትራንስፎርመር ያስጨንቀዋል። እንደዚሁ በ5ዋይ3 ቦታ ጂዜድ34 ቢተከል ቮልቱ ከፍ ብሎ ሌሎቹን ቫልቮች ይጎዳል። ይበልጣል የተባለ ሁሉ አይሻልም ማለት ነው። ቫልቭ ዛሬም በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ስለሚሠራ አሮጌ ማጉያ መድኃኒት የለውም አይባልም።

ሕመም፣ ሽያጭና መመለስ

ወደ ሰውየው እንመለስ። ፌንደር በ1950ዎቹ አጋማሽ የያዘው የሳይነስ ሕመም አልለቅ ብሎት ዓመታት ተሠቃየ። እየደከመም ስለሄደ ሥራውን ለመተው ወሰነና፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1965 ድርጅቱን ሲቢኤስ ለተባለው ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በስድስት መቶ ዶላር ብድር የተጀመረው ሱቅ እዚያ ደረሰ። የሚያስገርመው ግን ከሽያጩ ብዙም ሳይቆይ ሐኪም ለወጠና ዳነ! ጤናው ተመለሰ፣ ድርጅቱ ግን ሄዷል። በውሉም መሠረት ለአሥር ዓመት ከድርጅቱ ጋር የሚፎካከር ሥራ እንዳይሠራ ተከልክሏል።

ሌላ ሰው ቢሆን ገንዘቡን ይዞ ተደላድሎ በኖረ ነበር። እሱ ግን ጊዜውን ጠብቆ እ.ኤ.አ. በ1975 የሚዩዚክ ማን ድርጅት ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ቀጥሎም ከቀድሞ ባልደረባው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ጂ ኤንድ ኤል የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ባለቤቱ አስቴር እ.ኤ.አ. በ1979 ሞተችበት። ፓርኪንሰን የተባለው የእጅ መንቀጥቀጥ ያለበት በሽታም ያዘው። በእጁ ለሚኖር ሰው ከዚህ የከፋ ምን አለ? እንዲያም ሆኖ ወደ ሥራ ቦታው መሄዱን አልተወም። እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ አረፈ።

የሠራው ግን አላረፈም። በእንግሊዝ አገር የማርሻል ማጉያ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲጀመር የተነሣው ከፌንደር ቤዝማን ማጉያ አሠራር ነው። በአገራችንም አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁምና በኋላም ዋልያስ፣ አይቤክስና ሮሃ ባንድ ሲጫወቱ፣ የኤሌክትሪክ ጊታርና ቤዝ የዘመናዊው ዘፈናችን አካል ሆነው ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን?

እኛ ከይጁቤ አካባቢ የመጣን ሠልጣኞች ይህን ሕይወት ስናነብ የታሰበን የገዛ አገራችን ነው። በእኛ ዘንድ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሽመና የሚሸምነው ስንት ስድብ ሲሸከም ኖሯል! ማረሻውን ከእሱ ገዝተን፣ ማሰሮውን ከእሷ ወስደን፣ መልሰን ቡዳ እንላቸዋለን። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆች እንዳይሰደቡ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ሊዮ ፌንደር ከመወለዱ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ማለት ነው። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡስ ቆመ? በየክፍሉ የምናገኘው ሕፃን አባቱ ቀጥቃጭ ስለሆነ ወንበር የሚጋራው ካጣ፣ የእሱን እጅ የሚያስከብርለት መምህሩ ካልሆነ ማን ይሆናል?

በገበያ ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ራዲዮና የእጅ ባትሪ የሚጠግነውን ሰውም ልብ እንበለው። ትምህርት ያልሆነለት እየተባለ ይታለፋል። ፌንደር ግን እንደ እሱ ያለ ሰው ነበር። ልዩነቱ የሚያምነው አጎትና የሚሰማው ሙዚቀኛ ማግኘቱ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ይጮሃል፣ ያጉረመርማል ተብሎ የተጣለ አሮጌ ማጉያ ወይም ራዲዮ አይጠፋም። ከመወገዱ በፊት ሙያ ያለው ሰው ይጠራ፤ ተማሪዎችም ራቅ ብለው ቆመው በሽታው በተራ እንዴት እንደሚፈለግ ይመልከቱ። ከዳነ የሙዚቃ ክበብ ያገኛል። ባይድንም እንኳ ኃይሉ ፈስሶ፣ ሣጥኑ ተከፍቶ፣ የሳይንስ መምህሩ ቫልቩን በእጁ ይዞ ያስተምርበታል። ከክፍሉ ልጆች አንዷ ወይም አንዱ ያንን ብርጭቆ ትኩር ብሎ ካየ፣ ትምህርቱ ፍሬ አፍርቷል።